የሃምሳ ቆርቆሮ ቤት፦ የጣሪያ ወጪን በዘመን ስለ መቁጠር

(በሰንበቴ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ አንዳንድ ድግግሞሾች ተቀንሰዋል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጣሪያ ነው። ርእሱ ለሕዝብ ንግግር ያነሰ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣባቸውን ጉዳዮች ብንቆጥር፣ ጣሪያ ከሠርግና ከሐዘን ብዙም ርቆ አይገኝም። ለሠርግ ዓመት ሙሉ እንዘጋጃለን፤ ለጣሪያ ግን የምንዘጋጀው ዝናቡ አልጋችን ላይ መንጠባጠብ ከጀመረ በኋላ ነው።

እሑድ እሑድ በዚህች ከተማ የሚቆመውን ገበያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ዳር ቆሞ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ስለ ቤት ሲወራ አንድ አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል፦ «እገሌ ባለ ሠላሳ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ እገሌ ባለ ሃምሳ ቆርቆሮ ከደነ።» ቤትን በቆርቆሮ ብዛት መቁጠር የቆየ ልማዳችን ነው። ልማዱ ጥበብ አለበት፤ በአንዲት ቃል የቤቱን ስፋትና የባለቤቱን አቅም ይናገራል። ነገር ግን የሚደብቀውም አለ። ሃምሳ የሚለው ቁጥር የቆርቆሮውን ብዛት እንጂ የጣሪያውን ዋጋ አይነግረንም። የጣሪያ ዋጋ የሚታወቀው ጠቅላላ ወጪው በሚያገለግልበት ዘመን ሲካፈል ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይህ ብቻ ነው።

ከሣር ወደ ቆርቆሮ

አያቶቻችን ለጣሪያ በጀት አያወጡም ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሣሩ ከጨፋ ሜዳና ከየመስኩ ይታጨዳል፤ ማገሩ ከዱር ይቆረጣል፤ ጉልበቱ በደቦ ይገኛል። ባለቤቱ የሚያወጣው ለደቦተኛው የሚቀርበውን ምግብ ነው። ሣር ክዳን ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ይሁን እንጂ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ እሳትም ጠላቱ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ከእነዚህ ሁለት ችግሮች ብዙ አቃለለን። በለውጡ ግን ጣሪያ ከደቦ ወጥቶ ወደ ገበያ ገባ። ዛሬ የጣሪያችን ዋጋ ከዚህ ርቀው በሚገኙ ነገሮች፣ በፋብሪካ፣ በጭነት ኪራይ፣ በውጭ ምንዛሪ ይወሰናል። ስለዚህ አያቶቻችን ያላስፈለጋቸው የሒሳብ ጥበብ ለእኛ ግድ ሆነብን።

ሃምሳው ከየት መጣ?

ወርዱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ክዳኑ በየአቅጣጫው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ቢያልፍ የሚሸፍነው ስፋት 7 በ9 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው ሁለት ክንፍ ቢኖረውና 15 ዲግሪ ያህል ቢያዘቀዝቅ፣ አንዱ ክንፍ ከአናቱ እስከ ጠርዙ 3.62 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በገበያችን የተለመደው ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ አለው። ሁለቱን በቁመት 20 ሳንቲ ሜትር አደራርበን ስንቀጥላቸው 3.80 ሜትር ይሰጡናል፤ ስለዚህ ለአንድ ረድፍ ሁለት ይበቃል። በጎን አንድ ሞገድ ተኩል ስናደራርብ እያንዳንዱ ቆርቆሮ የሚሸፍንልን 79 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 9 ሜትር ለዚህ ሲካፈል ከ11 ያልፋል፤ ስለዚህ 12 ረድፍ ያስፈልጋል። 12 ረድፍ በ2 ቆርቆሮ፣ በ2 ክንፍ ሲባዛ 48 ነው። ለቁርጥራጭና ለብልሽት ሁለት ብንጨምር ሃምሳ ሞላ።

አንዳንድ ሠራተኛ «በ46 እጨርስልሃለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የጎኑን መደራረብ ከአንድ ሞገድ ተኩል ወደ ግማሽ ሞገድ ቢቀንሰው ረድፉ 11 ይሆናል፣ አራት ቆርቆሮም ይተርፋል። ነገር ግን ነፋስ የሚገፋው ዝናብ በግማሽ ሞገድ አይገታም፤ ውኃው በመጋጠሚያው ገብቶ ማገሩን ያበሰብሳል። የተረፉት አራት ቆርቆሮዎች ዋጋ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክረምት በእንጨት መልክ ይከፈላል።

የአካባቢያችን አራት ጠላቶች

ጣሪያ የሚያረጅበት ፍጥነት በየአገሩ ይለያያል። በእኛ ቆላማ አካባቢ አራት ነገሮች ይረባረቡበታል።

አንደኛው ፀሐይ ነው። ቆርቆሮ በቀን እየጋለ፣ በሌሊት እየቀዘቀዘ በየዕለቱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባልም። ይህ እንቅስቃሴ ምስማሩን ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከምስማሩ ራስ በታች ያለው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ሳይበሳ ጣሪያው የሚያፈስሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በበልግና በክረምት መግቢያ ዝናቡን ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ ጣሪያውን ከላይ ተጭኖ አይደለም የሚያፈርሰው፤ ወደ ላይ መንጥቆ ነው። ከሁሉ የሚበረታው በጠርዝና በማዕዘን ላይ ነው። ስለዚህ ምስማር በመካከል በየሁለት ሞገዱ ቢመታ እንኳ በጠርዝ በየሞገዱ መመታት አለበት፤ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው አናት ጋር በሽቦ መታሰር ይኖርበታል። ምስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ አይደለም።

ልጅ ሳለሁ አንድ የበልግ ሌሊት የቤታችን ግማሽ ጣሪያ ተነሥቶ ከጎረቤት ማሽላ ማሳ ላይ አረፈ። ስናነሣው ቆርቆሮው ሁሉ ከነማገሩ ነበር። ምስማሩ ቆርቆሮውን አልለቀቀም፤ ማገሩ ነው ወራጁን የለቀቀው። አባቴ ለቆርቆሮው ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ ነበር፤ ለማሰሪያ ሽቦ ግን የሚወጣውን ጥቂት ብር ቆጠበ። ያን ሌሊት ሰው አለመጎዳቱን እስከ ዛሬ አልሐምዱሊላህ እንላለን።

ከዚያ በኋላ አባቴ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ድንጋይ ጫነበት። ይህን ልማድ እንድንተወው እለምናለሁ። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ ካራቆሬንም ጎድቷል። መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር ጣሪያ ቀላልና በደንብ የታሰረ መሆን አለበት። ድንጋይ የተጫነበት ጣሪያ ነፋስ ባይወስደውም በሰው ላይ ይወርዳል።

ሦስተኛው እርጥበትና በረዶ ነው። በረዶ ቀጭን ቆርቆሮን ያጎደጉዳል፤ በጎድጓዳው ውኃ ይቋጥራል፤ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። አራተኛው ምስጥ ነው። ምስጥ ቆርቆሮ አይበላም፤ የተሸከመውን ባሕር ዛፍ ግን ይበላል። ስለዚህ አሮጌውን ጣሪያ ከማውረዳችሁ በፊት ወራጁንና ማገሩን በቢላዋ ጫፍ ውጉት። ቢላዋው ያለ ትግል ከገባ፣ የምታስቡት በጀት የቆርቆሮ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሁለት መዝገቦች

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንግባ። ቆርቆሮ በጌጅ ይሸጣል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳል። በገበያችን 28 ጌጅ የሚባለው ወደ 0.4፣ 32 ጌጅ ወደ 0.25፣ 35 ጌጅ ደግሞ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጽሑፉን ብቻ አትመኑ። ርዝመታቸውና ወርዳቸው አንድ የሆነ ሁለት ቆርቆሮዎችን በገበያው ሚዛን ብታስመዝኑ ክብደታቸው የውፍረታቸውን ልዩነት ይነግራችኋል። ሚዛን አይዋሽም።

ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ በብር አልናገርም፤ ለምሳሌ ያህል ቀጭኑ ቆርቆሮ 100፣ ወፍራሙ 170 ነው እንበል። ለምስማር፣ ለሽቦ፣ ለእንጨት ጥገና፣ ለጭነትና ለአናጢ የሚወጣው 3,000 ይሁን፤ ይህ ወጪ ቆርቆሮው ቢወፍርም ቢቀጥንም ያው ነው።

በቀጭኑ መዝገብ 50 ቆርቆሮ 5,000፣ ሌላው 3,000፣ ጠቅላላ 8,000 ይሆናል። ጣሪያው 8 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ወጪ 1,000 ነው። በወፍራሙ መዝገብ 50 ቆርቆሮ 8,500፣ ሌላው 3,000፣ ጠቅላላ 11,500 ነው። 20 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ወጪ 575 ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው፣ ወፍራሙ ቆርቆሮ በ70 በመቶ ይወደዳል፤ ጣሪያው ግን የሚወደደው በ44 በመቶ ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ የምናየው ልዩነት ቤታችን ላይ ካለው ልዩነት ይበልጣል። ሁለተኛው፣ ወፍራሙ ሃያውን ዓመት ባይደርስ እንኳ 11 ዓመት ተኩል ካገለገለ ከቀጭኑ ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ዓመቱን እኔ በምሳሌ ነው ያስቀመጥሁት፤ እናንተ የጎረቤታችሁን ጣሪያ ተመልክታችሁ፣ መቼ እንደ ተከደነ ጠይቃችሁ፣ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

ቆርቆሮ ያልሆነው ወጪ

በበጀት ወረቀታችሁ ላይ ከቆርቆሮው ቀጥሎ እነዚህን ጻፉ፦ ወራጅና ማገር፤ ለእንጨቱ የሚቀባ የተቃጠለ ዘይት ወይም የምስጥ መድኃኒት፤ የቆርቆሮ ምስማር ከነጎማው፤ ማሰሪያ ሽቦ፤ የአናቱ መክደኛ፤ አሸንዳ፤ ኮርኒስ፤ ጭነት፤ አናጢና የቀን ሠራተኛ። በመጨረሻም ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል መጠባበቂያ። መጠባበቂያ የሌለው በጀት ምኞት ነው፤ አሮጌ ጣሪያ ሲነሣ ከሥሩ የማይታሰብ ነገር አይጠፋምና።

ከእነዚህ መካከል ሰው በቶሎ የሚሰርዛቸው ሁለቱ አሸንዳና ኮርኒስ ናቸው። ለሁለቱም ልሟገትላቸው።

10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውኃ ነው። ባለ ሃምሳው ቤታችን የሚሸፍነው 63 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ደህና ዝናብ 630 ሊትር ይወርድበታል። የሚረጨውንና መጀመሪያ ጣሪያውን አጥቦ የሚፈሰውን ብንተወው እንኳ 500 ሊትር ይቀራል፤ ይህም 25 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካን በጀርባዋ የምትሸከም እናት ወይም በአህያ የሚቀዳ ልጅ የዚህን ዋጋ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። በዚያ ላይ አሸንዳ የሌለው ቤት ውኃው ከግድግዳው ሥር እየወረደ የጭቃውን ምርግ ያረግፋል።

ኮርኒስም ቅንጦት አይደለም። የጋለ ቆርቆሮ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ቤት ይለቃል። በቆርቆሮውና በሰው መካከል አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ እንኳ ቢወጠር ሙቀቱ በመንገድ ይያዛል፤ በሁለቱ የቤቱ ጫፎች ከኮርኒሱ በላይ የአየር መውጫ ከተተወለት ደግሞ ይወጣል። በግንቦትና በሰኔ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህን ወጪ ከሕክምና ወጪ ጋር አስተያይቶ ይወስን።

ወቅቱ

ሁለት ዝናብ አለን፤ በልጉና ክረምቱ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ እርግጠኛም አይደለም። ጣሪያ ለማውረድ የሚታመነው በጋው ነው፤ በተለይም ጥር። ማሽላው ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ ይገባል፤ እንጨቱ ይደርቃል፤ በልጉም ገና ነው። በሰኔ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጣደፍ ሰው ግን ሁሉም ሰው በሚገዛበት ጊዜ ይገዛል፤ አናጢ በሚወደድበት ጊዜ ይቀጥራል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ያስገባል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ምስማሩንም ይለቃል። የረመዳን ወር ከሥራው ጋር የሚገጥም ከሆነም ሠራተኛው በጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጋለ ቆርቆሮ ላይ እንዳይውል ቀኑን አስቀድሞ ማስላት የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

የብርና የቆርቆሮ እሽቅድምድም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለቆርቆሮ የሚሆነው የብረት ጥቅል ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ይህ ነገር የአዲስ አበባ ነጋዴ ጉዳይ ብቻ አልሆነም። ለጣሪያ ብሎ በሣጥን ብር ያስቀመጠ ሰው ብሩ ሳይጎድል ቆርቆሮው ጎደለበት።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛው መንገድ ገንዘቡ በተገኘ ቁጥር ዕቃውን እየገዙ ማስቀመጥ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን አቀማመጡ ይታሰብበት። ተደራርቦ እርጥበት የገባው አዲስ ቆርቆሮ ነጭ ዝገት ያወጣል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ዘንበል አድርጋችሁ፣ አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ አኑሩት።

ሁለተኛው እቁብ ነው። እቁባችንን በብር ሳይሆን በቆርቆሮ ብንተምነውስ? 25 ሰዎች በየወሩ እያንዳንዳቸው በዕለቱ የገበያ ዋጋ የሁለት ቆርቆሮ ዋጋ ቢያዋጡ፣ ዕጣው የደረሰው ሰው በወሩ 50 ቆርቆሮ ያገኛል። ዋጋው ቢጨምር መዋጮው አብሮ ስለሚጨምር የመጀመሪያው ዕጣና የሃያ አምስተኛው ዕጣ እኩል ሃምሳ ቆርቆሮ ይሆናሉ። በብር እቁብ ግን የዋጋ ንረቱን የሚሸከመው መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ነው፤ ይህም ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛው ብድር ነው። ብዙዎቻችን በእምነታችን ምክንያት ወለድ ያለበትን ብድር አንወስድም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን አለ፤ ሌሎች ባንኮችም የተለየ መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሃ ውል ባንኩ ዕቃውን ይገዛና የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላችኋል። ዋጋው በውሉ ቀን የተቆረጠ ስለሆነ በኋላ አይጨምርም። ነገር ግን ትርፉ ተጨምሮ ያለው ጠቅላላ ዋጋ ለጣሪያው ዘመን ተካፍሎ እንዲመዘን አደራ እላለሁ።

ስለ ተቃጠለ ቆርቆሮ

አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት በአጣዬ፣ በአካባቢዋና በእኛም ወረዳ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ከአመድ ውስጥ ቆርቆሮውን አንሥቶ፣ አቃንቶ፣ እንደ ገና ከድኗል። ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ዚንክ ደግሞ በ420 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል። የቤት እሳት ከዚያ በላይ ይግላል። ስለዚህ በእሳት ያለፈ ቆርቆሮ ልብሱን የተገፈፈ ነው። እንዲህ ባለው ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ቤተሰቦች በመዝገባችሁ ላይ ረጅም ዘመን አትጻፉለት፤ ለሚቀጥለው ጣሪያ ማጠራቀሙን ከዛሬ ጀምሩ። የሚረዳ ድርጅትም ሆነ ዘመድ ቢገኝ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ፦ ጣሪያችሁ እሳት አይቷልን?

ከታዳሚዎች የቀረበ ጥያቄና መልስ

አንዲት እናት፦ «የተናገርኸው ሁሉ ደግ ነው፤ አላህ ይስጥልን። እኔ ግን ያለኝ ለሃያ ቆርቆሮ የሚሆን ብቻ ነው። ሠላሳውን ማን ይሰጠኛል? ቀጭኑን ገዝቼ ሁሉንም ልክደነው ወይስ እንዲያው ልተወው?»

እናታችን፣ ከእኔ ንግግር ይልቅ የእርስዎ ጥያቄ ይከብዳል። እውነቱን ለመናገር ለሃያ ቆርቆሮ የሚሆን ገንዘብ ያለው ሰው ሒሳብ ስላላወቀ አይደለም ቀጭን የሚገዛው፤ ድኻ ሰው ውድ ጣሪያ የሚገዛው አቅም ስለሚያንሰው ነው። ቢሆንም በሃያ ቆርቆሮ የሚሠራ ነገር አለ። በመጀመሪያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ገብተው በር ይዝጉና ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ብርሃን የሚገባበትን ሁሉ በከሰል ምልክት ያስደርጉ። ከዚያ ጥቂት ብር አውጥተው ምስማሩንና ማሰሪያውን ያስጠብቁ፤ ነፋስ የሚወስደው ከሌለ ቀሪው ጊዜ ይሰጣል። በሃያው ወፍራም ቆርቆሮ ዝናብ የሚገፋበትን አንዱን ክንፍ ይክደኑ፤ ባለ ሃምሳ ቤት ከሆነ አንዱ ክንፍ 24 ነውና ጥቂት ይቀረዋል። ከወረደው አሮጌ ቆርቆሮ ደህናውን መርጠው የጎደለውንና ሁለተኛውን ክንፍ ይጠግኑበት፤ የባሰበት ለማድ ቤት ይሁን። ሁለተኛውን ክንፍ እቁቡ ሲደርስ ያስከድኑታል። እንዲህ ከተደረገ ቤትዎ ሁለት ዕድሜ ያለው ጣሪያ ይኖረዋል፤ ነውር የለበትም። ደግሞም ቅሬያችን ለሐዘን ብቻ የቆመ አይመስለኝም። ቆርቆሮ በገበያ ቢገዛም ጉልበት ዛሬም በደቦ ይገኛል፤ አናጢው አንድ ቢሆን፣ አቀባዩ የሠፈር ወጣት ቢሆን፣ ከወጪው አንዱ መሥመር ይሰረዛል።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ስለ እገሌ ቤት ስንነጋገር «ባለ ስንት ቆርቆሮ ነው?» ብለን እንደ ጠየቅን ሁሉ «የስንት ዓመት ጣሪያ ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ንግግሬ ግቡን መትቷል።  መጪው ክረምት የሰላም፣ የማያፈስስም ይሁንልን።